ለመበሳት የተሠራ ቀፎ

የፋይበር ግላስ ቀፎ ጥራቱ በቀለሙ አይታወቅም። ቀለም ያልነካውን ቀፎ ማንሳት፣ የክፍሉን መብራት ማጥፋት፣ ትንሽ አምፖል ውስጡ አስገብቶ ከውጭ በኩል ማየት ነው። የሠሪው እጅ ያኔ ይነበባል። ሬዚን በቅጡ ያልጠጣ ጨርቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሬዚን የተኛበት ቦታ ይጠቁራል፤ ታፍኖ የቀረ አየር ጥቃቅን ክብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ አድርጌ ካየኋቸው ቀፎዎች ውስጥ አንዱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው አንድ ዓይነት ብርሃን ነበር የሚያሳልፈው። የጨርቁ ድርና ማግ ሳይጣመም ከአንዱ ጠርዝ ወርዶ፣ በሆዱ ዞሮ፣ በሌላው ጠርዝ ሲወጣ በዓይን መከተል ይቻል ነበር። ርዝመቱ 121 ሴንቲ ሜትር ነው፤ «ቴክሳስ» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ 144 ጊዜ አንሳ የተሠራችበት። ይህን ያህል ተለፍቶበት የወጣ ቀፎ ቀጣይ ዕጣው ታዲያ ጎንና ጎኑን በመስኮት በመስኮት መቆረጥ ነው።

ሥራው ለሞዴል መርከብ ውጊያ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በቴክሳስ ግዛት ተጀመረ። ተዋጊዎቹ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በእውን የነበሩ የጦር መርከቦችን በ1 ለ144 ልክ ይሠራሉ፤ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ኩሬ ላይ ይነዷቸዋል፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በሚተኩሱ ትንንሽ መድፎች ይታኮሳሉ። ፈጣን መድፍ በሚባለው የጨዋታው ዘርፍ ጥይቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ኳስ ነው። የመርከቧ ጎን 0.8 ሚሊ ሜትር በሆነ የባልሳ እንጨት ይሸፈናል፤ ኳሱ ይበሳዋል፣ ውሃ ይገባል፣ ፓምፑ ካልቻለ መርከቧ ትሰጥማለች። ውጊያው ሲያበቃ ቀዳዳው ይቆጠራል፦ ከውሃ መስመር በላይ ያለው 10 ነጥብ፣ መስመሩ ላይ ያለው 25፣ ከመስመሩ በታች ያለው 50።

ሠሪው ቀፎውን እንዳሻው እንዳያጠነክር የሚያደርገው ሕጉ ነው። ጎኑ መበሳት አለበት፤ ያውም ከውሃ መስመር በታች እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ። ባልሳው የሚለጠፍበት አጥንት ይፈቀዳል፣ ግን በልክ ነው፦ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አጥንት በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ፣ ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በየ7.6 ሴንቲ ሜትሩ። ሲሰላ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ከጎኑ ስምንት እጅ ውስጥ አንዱ እጅ ብቻ ደንዳና ሆኖ ሰባቱ እጅ መስኮት ነው። እንግዲህ ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ባትሪ፣ ጋዝ፣ መድፍና ሞተር የሚሸከም፣ በሌላ መርከብ ሊገጭ የሚችል አካል በዚያች አንድ እጅ ነው የሚቆመው። እኔን በዚህ ሥራ ያስደነቀኝ ይኸው ነው፤ ሠሪው ጥንካሬን የሚያስቀምጥበት ቦታ ጥቂት ነውና እያንዳንዷን ቦታ አስቦ መጠቀም አለበት።

ክብደቱም ሌላ ወሰን ነው። ርዝመት 144 ጊዜ ሲያንስ ክብደት ሦስት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል። ወደ ሠላሳ ሺህ ቶን የምትጠጋው «ቴክሳስ» በዚህ ስሌት 10 ኪሎ ግራም ገደማ ትሆናለች፤ 50 ሺህ ቶን ያለፈችው የጀርመኗ «ቢስማርክ» ደግሞ ርዝመቷ 174 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 17 ኪሎ። ምጽዋ ላይ መልሕቋን ትጥል የነበረችው የባሕር ኃይላችን መርከብ «ኢትዮጵያ» በዚሁ ልክ ብትሠራ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር የምትሆነው። እሷም የዚያው ዘመን ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቀለች፣ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ቀጭንና ረጅም ቀፎዋ ለሠሪ ከባድ ፈተና እንደሚሆን ፎቶግራፏን ያየ ይገባዋል። ሰፊዋ «ቴክሳስ» በዚህ በኩል ቸር ናት።

«ቴክሳስ» እ.ኤ.አ. በ1914 አገልግሎት ጀምራ ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች ያየች፣ በ1944 በኖርማንዲ ዳርቻ የተኮሰች መርከብ ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን «ድሬድኖት» ይባሉ ከነበሩት ትልልቅ መድፈኛ መርከቦች ዛሬ በአካል ያለችው እሷ ብቻ ናት። በ1920ዎቹ አጋማሽ ስትታደስ ቶርፔዶ እንዲከላከልላት በሁለቱም ጎኖቿ ከውሃው መስመር ግድም ተጨማሪ ሆድ ተበጀላት። የሞዴል ሠሪው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ሆድ ላይ ነው።

ቀፎ ከሞልድ ይወጣል፤ ሞልዱ ደግሞ ከእንጨት አምሳያ። አምሳያው ላይ የቀረች ጭረት ሞልዱ ላይ ትታተማለች፤ ከዚያ ሞልድ የሚወጣ ቀፎ ሁሉ ያቺን ጭረት ይዞ ይወለዳል። ስለዚህ አምሳያው በስቱኮ ይደፈናል፣ በየብርጭቆ ወረቀቱ ደረጃ ይላጋል፣ ይቀባል፣ እንደገና ይላጋል፣ በሰም ይታሻል። ይህ ትዕግሥት ነው፤ የትም የእጅ ሥራ የሚጠይቀው። ልዩ ዕውቀት የሚገባው ጨርቁ ሞልዱ ውስጥ መተኛት ሲጀምር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባቲላሜራ ቤት ቆሞ የተሰበረ የመኪና መከላከያ ሲጠገን ያየ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል፤ ያው የመስታወት ጨርቅ፣ ያው ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍግ ሬዚን፣ ያው በጠብታ የሚለካ ማጠንከሪያ። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ መቶ እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው። ካነሰ ሬዚኑ አይደርቅም፤ ከበዛ ይግላል፣ ይኮማተራል፣ ቀፎውንም ያጣምማል። ጨርቁ በብሩሽ ተዳብሶ አይረጥብም፤ መዳበስ ክሩን ይጎትተዋል። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ነካ ነካ ይደረጋል፣ ሬዚኑ ከሥር ወደ ላይ እየመጣ ነጩ ጨርቅ ዓይን እያየው እስኪጠፋ ድረስ። ሬዚን ማብዛት የጀማሪ ፈተና ነው። ጥንካሬው ያለው በክሩ ነው፤ ትርፍ ሬዚን ክብደትና ስብራት ብቻ ይጨምራል።

ተጨማሪው ሆድ ከመርከቧ ጎን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠባብ ጥግ አለ። ጨርቅ ጠባብ ጥግ አይወድም፤ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ተወጥሮ ይሻገርና ከሥሩ አየር ይዞ ይደርቃል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። የመጀመሪያው ኳስ ሲያርፍበት ግን እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ይህ ሠሪ ያደረገውን ከውስጥ በኩል በጣቴ ስዳስሰው አገኘሁት። መጀመሪያ በሰያፍ የተቆረጠ ቀጭን ጨርቅ ጥጉ ውስጥ አስተኝቷል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ለጥግ ይታዘዛል። ቀጥሎ በዱቄት ያወፈረውን ሬዚን በክብ እንጨት ጫፍ ስቦ ጥጉን ወደ ለስላሳ ጎድጓዳ ለውጦታል። ዋናው ጨርቅ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው፤ ስለዚህም ሳይዘልና ሳይጣመም አልፏል። መሥመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አንድ ነው።

ጨርቁ አለመጣመሙ ለውበት ብቻ አልነበረም። አጥንቶቹ ከዚሁ ቅርፊት ነው የሚቀረጹት፣ ከላይ ወደ ታች። የጨርቁ ክር ቀጥ ብሎ ከወረደ፣ 9.5 ሚሊ ሜትር በሆነች አጥንት ውስጥ ያሉት የቁም ክሮች ከላይኛው ጠርዝ እስከ ሆድ ድረስ ሳይቆረጡ ይሄዳሉ። ጨርቁ በሰያፍ ከተኛ ግን መቁረጫው ሁሉንም ክር ይበጣጥሰዋል፤ አጥንቷ ክር ያላት ትመስላለች እንጂ የያዛት ሬዚኑ ብቻ ነው። አፍንጫና ጭራ ላይ ቅርጹ ስለሚጠብ ጨርቁን ሰንጥቆ መደራረብ ግድ ነው፤ ይህ ሠሪ መደራረቡን ሁሉ ሕጉ ደንዳና እንዲሆኑ በፈቀደላቸው ጫፎች ላይ ገፍቶታል። መስኮት በሚቆረጥበት ክልል አንድም መጋጠሚያ የለም። ጨርቁን ገና ሞልዱ ውስጥ ሲያስተኛ እያንዳንዷ አጥንት የት እንደምትወድቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከሞልድ የወጣ ባዶ ቀፎ ልፍስፍስ ነው። ሁለቱን ጠርዞች በሁለት ጣት ጫን ቢሏቸው ይቀራረባሉ። ብዙ ሰው ቶሎ ወደ መቁረጡ ይሮጣል፤ መስኮቱ ወጥቶ ሲያልቅ ቀፎው ይከፈታል ወይም ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ የሚያደርገው የለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቅርፊቱ ገና ሙሉ ሳለ ማጠንከር ነው። ቀፎው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በልኩ በተቆረጡ ድጋፎች ላይ ይቀመጣል፤ መሐሉ በተወጠረ ክር ይለካል፤ ወርዱ በየቦታው ከሥዕሉ ጋር ይመሳከራል። የላይኛው ጠርዝ በውስጥ በኩል የእንጨት ከንፈር ይለጠፍለታል፣ ከግራ ወደ ቀኝም ተሻጋሪዎች ይገባሉ። ተሻጋሪዎቹ የሚቆሙበት ቦታም የራሱ ምርጫ አለው፤ ባትሪና የጋዝ ጠርሙስ ሲወጣና ሲገባ እንቅፋት መሆን የለባቸውም፣ ግን እያንዳንዳቸው አንድ አጥንት ባለበት ነጥብ ላይ ማረፍ አለባቸው። እንዲህ ሲሆን አጥንት፣ ከንፈርና ተሻጋሪ ተያይዘው ሙሉ ቀለበት ይሆናሉ።

ለዚህ ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው። የቅርፊቱ ሬዚን ፖሊስተር ነው፤ ኢፖክሲ የደረቀን ፖሊስተር ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን የደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም፤ ስለዚህ አንዴ ወደ ኢፖክሲ የተሻገረ ሥራ በኢፖክሲ ይቀጥላል። ከዚያ በፊት ውስጡ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በአሴቶን ይጠረጋል፣ ሬዚኑ ሲደርቅ ወደ ገጹ የሚወጣ ሰም ስላለ። በዚህ ቀፎ ውስጥ የተፈቀበት ወሰን ከማጣበቂያው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ሠሪው የት እንደሚለጥፍ አስቀድሞ በእርሳስ አስምሮ ያችኑ ብቻ ነው የፈቀው።

አሁን መቁረጡ ይመጣል። የውሃው መስመር ቀፎው ሳይነቃነቅ፣ በቋሚ ላይ በታሰረ እርሳስ ዙሪያውን ይሰመራል። መስኮቶቹ በትንሽ ተሽከርካሪ መቁረጫ ይወጣሉ፤ የመስታወት ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ በደንብ ሳይሸፈን ይህ ሥራ አይነካም። ዲስኩ ከመስመሩ በፊት ይቆማል፤ የቀረው በሞረድ ነው። እዚህ ላይ ዓይኔ የቆየው የመስኮቱ ማዕዘን ላይ ነው። አራቱም ማዕዘኖች ክብ ናቸው፤ መጀመሪያ በመሰርሰሪያ አራት ቀዳዳ በስቶ ቀጥታውን ቆረጣ ቀዳዳዎቹ ላይ ነው ያቆመው። በቀጥታ የተቆረጠ ሹል ማዕዘን ስንጥቅ ይጠራል፤ አካሉ በታጠፈ ቁጥር ጭንቀቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ይህን የዓለም መርከብ ሠሪዎች በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጥድፊያ በብየዳ የተሠሩት የአሜሪካ «ሊበርቲ» የጭነት መርከቦች ወለላቸው ላይ ያለው የመጫኛ በር ማዕዘን ሹል ነበር፤ ብዙዎቹ ስንጥቆች የተነሱት ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጥር ወር «ስኬኔክታዲ» የተባለችው የነዳጅ መርከብ ፖርትላንድ ላይ ታስራ እንደቆመች ለሁለት ለመከፈል ጥቂት እስኪቀራት ተሰብራለች፤ በእሷ ጥፋቱ የብየዳና የብረት ጥራት ነበር። ባለ 121 ሴንቲ ሜትሩ ቀፎ ላይ የተሠሩት ክብ ማዕዘኖች ያንን ዕውቀት ይዘዋል።

አጥንቶቹ በአንድ ጎን አሥራ አምስት ገደማ ናቸው። ከውጭ ስፋታቸው ተለክቶ የተፈቀደ ነው፤ ሠሪው ያወፈራቸው ወደ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፦ የአንድ ነገር ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር መታጠፍን የሚቋቋምበት ኃይል ስምንት እጥፍ ያድጋል። 2 ሚሊ ሜትር የነበረችውን አጥንት 4 ማድረግ ጥቂት ግራም ያስወጣል፤ የምትመልሰው ግን ብዙ ነው። በእያንዳንዷ ጀርባ የካርቦን ክር ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ በኢፖክሲ ተይዟል፤ ታችኛው ጫፉ አጥንቷ ላይ አልቆመም፣ ወርዶ ሆዱ ላይ እንደ ጣት ተበትኗል። ላይኛው ጫፉም ከንፈሩ ሥር ገብቷል። ጭነት የሚይዝ ነገር ድንገት ካለቀ የሚያልቅበት ቦታ ይሰበራል፤ እዚህ ግን ከአጥንት ወደ ሆድ የሚያልፈው ቀስ እያለ ነው። ይህ ሥራ ወለሉ ሲገጠም ጨርሶ አይታይም። አጥንቶቹን በጥፍሬ አንድ በአንድ መታ መታ አደረግኳቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ያልያዘ ክር ቢኖር ድምፁ ይፈዝ ነበር።

ብዙ ሰው ስለ ጎን ይጨነቃል፤ እኔ ግን የቀፎው ትልቁ ጥበብ ታች፣ ሆዱ ውስጥ ነው እላለሁ። ቀዳዳ አይቀሬ ስለሆነ ውሃ መግባቱ አይቀርም። ጥያቄው የገባው ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ሰፊ ወለል ላይ የተኛ ውሃ መርከቧ ትንሽ ስታጋድል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ማጋደሏን ያባብሰዋል፣ ይገለብጣታል። ውሃው ጠባብ ቦይ ውስጥ ከተያዘ ግን የሚሮጥበት ስፋት የለውም። ስለዚህ ከሆዱ ግራና ቀኝ ይሞላና በመሐል ቦይ ይቀራል፤ ቦዩ ከሁለቱም ጫፍ ወደ ፓምፑ ይወርዳል። ሕጉ የፓምፑን መውጫ ቀዳዳ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወስነው ፓምፑ አንድ ደቂቃ እንኳ አየር እየጠጣ ሊባክን አይገባም። የዚህ ቀፎ ሙሌት በላዩ ላይ ጥቃቅን ባዶ የመስታወት ኳሶች በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ተለስልሷል። ብርጭቆ ውሃ ይዤ አፍንጫው ጋ አፈሰስኩ፤ የትም ሳይቆም፣ ጠብታ እንኳ ጥግ ላይ ሳያስቀር ፓምፑ ጉድጓድ ደረሰ። ከሙሌቱ ሥር ያለው የታችኛው ቅርፊት ተጨማሪ ሦስት ድርብ ጨርቅ አለው፤ ክብደት ታች ሲሆን መርከቧን ያቆማታል፣ ላይ ሲሆን ይጥላታል፣ ስለዚህ ሬዚኑን በልግስና ያፈሰሰው እዚህ ብቻ ነው።

ስለ ፕሮፔለር ዘንግና ስለ መሪው ብዙ አልልም፤ በደንብ ተገጥመዋል፣ ቀጥ ብለዋል፣ ውሃ አያስገቡም። አፍንጫው ግን ይነሳ። በውጊያ መሐል መርከቦች ይጋጫሉ፣ ግጭቱንም የሚቀበለው አፍንጫ ነው። ደንዳና አድርጎ በሬዚን መሙላት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ግን ኃይሉ ሳይበርድ ወደ መጀመሪያዎቹ አጥንቶች ይተላለፋል። እዚህ የሙሌቱ ጀርባ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ በሰያፍ እየሳሳ ሄዶ ሁለተኛው መስኮት ግድም ያልቃል።

ባልሳው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከቀፎው ጋር ለዘላለም አይጣበቅም፤ ከውጊያ በኋላ ሊላጥ፣ በአዲስ ሊተካ ነው። በስስ ወረቀት ተሸፍኖ ይቀባል፣ አጥንቶቹ ላይ ይለጠፋል። ሠሪው ስለዚህ የአጥንቶቹን የውጭ ገጽ እንደ መስታወት አላለሰለሰም፤ ማጣበቂያው እንዲይዝ ጥቂት ሻካራ ትቶ፣ ጠርዛቸውን ግን አንሸራትቶ ባልሳውን እንዳይቆርጡ አድርጓል።

ቀፎው ተዋግቷል። የተላጠው ባልሳ ሲነሳ ኳስ ያረፈባቸው አጥንቶች ይታወቃሉ፤ ፋይበር ግላስ ሲመታ ድርቦቹ ውስጥ ለውስጥ ይላቀቁና በቦታው ነጭ ኮከብ የመሰለ ምልክት ይወጣል። ኮከቧ ትንሽ ከሆነች ትተዋለች። አንዲት አጥንት ግን ተሰንጥቃ ነበር። ጥገናው ስንጥቁ ላይ ጨርቅ መለጠፍ አይደለም። ከስንጥቁ ላይና ታች እስከ 24 ሚሊ ሜትር፣ የቅርፊቱን ውፍረት አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው፣ በሰያፍ ይሞረዳል፤ ከዚያ ጨርቅ ይተኛል፣ መጀመሪያ አጭሩ፣ በላዩ ረዘም ያለው፣ በላዩ ደግሞ ከዚያም የረዘመው፣ ሁሉም ክሩ ወደ ታች ቀጥ ብሎ። በላዩ ፕላስቲክ ተነጥፎ በጠፍጣፋ እንጨት ይጨመቃል። ሲደርቅ ጥፍሬን አንሸራትቼ መጋጠሚያውን ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ሠሪው ይህችን አጥንት በውስጥ በኩል ቀለም አልቀባትም፤ በሚቀጥለው ውጊያ ኳስ ካረፈባት ስትነጣ ማየት ይፈልጋል።